ቀድሞ የመድረስ አደጋ፦ በአንድ ሥዕል ላይ የተደረገ ጥናት

ስለ ዘግይቶ መምጣት ብዙ ተብሏል። ያረፈደ ሰው ምክንያቱን ራሱ ስለሚዘረዝር ለተመራማሪ ይመቻል። ቀድሞ የደረሰ ግን አይናገርም፤ ጣሪያ ያያል። በዚህ ችላ በተባለ ዘርፍ እጃችን ላይ ያለው ጠንካራ ማስረጃ ፈረንሳዊው ጄምስ ቲሶ እ.ኤ.አ. በ1873 ለንደን ላይ ለሕዝብ ያሳየው «ገና ነው» የተሰኘ ሥዕል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፊ የዳንስ አዳራሽ ተወልውሎ ተዘጋጅቷል። መሀል ላይ ሸምገል ያሉ አንድ ሰው ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ቀሚስ ከለበሱ ወጣት ሴቶች ጋር ቆመዋል። ጋባዧ ለሙዚቀኞቹ መመሪያ ትሰጣለች። ሁለት ገረዶች በር ከፈት አድርገው ያጮልቃሉ።

የሥዕል አዋቂዎች ቀሚሶቹን ያደንቃሉ። የቲሶ አባት የጨርቅ ነጋዴ ነበሩና ልጁ እጥፋቱን ሁሉ ለቅሞ ቢስል አይገርምም። በእኛ ግምት ግን ዋናው ባለታሪክ ወለሉ ነው። እንግዶቹ ወደ ግድግዳው ቢጠጉ የተደበቁ፣ ወደ ሙዚቀኞቹ ቢጠጉ የተቀጠሩ ይመስላሉ። ስለዚህ የቀራቸው መሀሉ ብቻ ነው፤ መሀሉ ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ ይታያል።

ሴቶቹ የያዟቸው ማራገቢያዎችም ምርመራ ይሻሉ። ሰው በሌለበት አዳራሽ ሙቀት ከየት ይመጣል? ማራገቢያው የተያዘው ለአየር ሳይሆን፣ ዛሬ ስልክ የሚሠራውን ሥራ እንዲሠራ ነው።

ጋባዧን በተመለከተ ይህ ጸሐፊ ጠንከር ያለ አቋም አለው። ሙዚቀኞች የሚጫወቱትን ያውቃሉ፤ የተጠሩትም ስለሚያውቁ ነው። እንግዳ ቆሞ ሳለ ከእነሱ ጋር እንዲህ የጠለቀ ምክክር መያዝ ሽሽት እንጂ ሌላ ስም የለውም። ገረዶቹ ይህን ከእኛ በፊት ደርሰውበታል፤ የዘርፉ ቀዳሚ ተመራማሪዎች እነሱ ናቸው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ቲሶ ሁለት ዓመት ቆይቶ «ዝም በሉ!» የተባለ ሌላ የምሽት ግብዣ ሥሏል፤ ማንቸስተር ይገኛል። እዚያ ሰዉ ሞልቶ ተጨናንቋል። እንግዲህ ቀድሞ የመጣ ወንበር አለው፣ የሚያጫውተው የለውም፤ ዘግይቶ የመጣ የሚያጫውተው አለው፣ ወንበር የለውም። ትክክለኛው ሰዓት የቱ እንደሆነ ሁለቱም ሥዕሎች አይነግሩንም።

«የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን ራሳችንን ስንወቅስ የኖርነው ይህን ሳናጠና ነው። «ገና ነው» ዛሬ ለንደን በሚገኘው ጊልድሆል የሥዕል ማሳያ ውስጥ ስላለ፣ የሚጠራጠር ሄዶ ማየት ይችላል። የጥሪ ካርድ የምታሳትሙ ወገኖች ግን አንድ ነገር አድርጉልን፦ ከታተመው ሰዓት ሥር፣ እናንተ ራሳችሁ አዳራሽ የምትደርሱበትን ሰዓት በትንሽ ፊደል ጨምሩበት።