ለገንዘብ ሚኒስቴር፤ ከዲንሾ አስፋልት ዳር

ጉዳዩ፦ የግብር ዕረፍት ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኛ የዲንሾ ትንንሽ ነጋዴዎች ደክሞናል። ዕረፍት የሚባል ነገር እንዳለም ሰምተናል። በደንብ ቁጥር 270/2005 የኢንዱስትሪ ዞን የሚያለማ ባለሀብት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከሆነ ለ10 ዓመት፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ለ15 ዓመት ከገቢ ግብር ነፃ ይባል ነበር። ደንቡ በኋላ በሌላ ቢተካም ጠባዩ አልተለወጠም፦ ራቅ ባልክ ቁጥር ይራራልሃል። ታዲያ በመራቅ እኛን ማን ይስተካከለናል? ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብለን፣ የሻሸመኔ መንገደኛ የአውቶብሱን መስኮት ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋበት ቦታ ነው ያለነው።

አንድ ጉድለት ግን ተገኝቶብናል። ድሮም እዚሁ ነበርን። ማበረታቻው የሚመጣ ሰው ነው የሚያበረታታው።

አስፋልቱ ዳር ያለችውን ሻይ ቤት ልንገርዎ። አራት ቆርቆሮ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ውሃው በጄሪካን፣ በአህያ ጀርባ ይመጣል። ባለቤቷ ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ እሳት ታያይዛለች፤ ፈረሰኛው ከነጋቢው ጎንበስ ብሎ ይገባና ሻዩን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ከመጠጣቱ በፊት እጁን ለማሞቅ። ይህች ሴት አራት ቆርቆሮዋን ስታቆም ሪባን የቆረጠላት ሹም የለም። ሐምሌ ሲገባ ግን አትረሳም። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከመዝጋት የተደረሰው፣ ገማቹ በር ላይ ቆሞ ያሰበውን ሲጽፍ ነጋዴው የሸጠውን ስለሚያውቅ ነው።

ኮሪደር ልማትም በ2016 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች እየወረደ ነው። እኛም ጋ ሲደርስ እንኳን ደህና መጣ እንለዋለን። አዲስ አበባ ላይ ባለሕንፃው በራሱ ወጪ ግራጫ እንዲቀባ መታዘዙን ሰምተናል። በግራጫ በኩል አያስቡ፤ ጉሙ ከተማውን ሁሉ በየማለዳው በነፃ ይቀባልናል። የመብራቱ ምሰሶ ከመተከሉ በፊት ግን መሬቱ ተቆፍሮ እያለ ቧንቧ ቢቀበርበት ምን ይመስልዎታል?

ወደ ግብር ዕረፍቱ ስንመለስ፣ እንግሊዞች በታቸር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ለደከሙ ሰፈሮች ከግብር ነፃ ቀጠና ከልለው ነበር። ከመጡት ድርጅቶች ብዙዎቹ ከጎረቤት ሰፈር ዕቃቸውን ጭነው የተሻገሩ ሆኑ፤ ከቅናሹም ቀላል የማይባለው በኪራይ ጭማሪ ወደ ባለሕንፃው ኪስ ገባ። በእኛ አገር ሲተረጎም የጎረቤት ከተማችን የሮቤ ሆቴል ወደ ዲንሾ ይዛወራል፣ ሮቤ ደግሞ በተራዋ ተጎዳሁ ብላ ማበረታቻ ትጠይቃለች። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ጭነቱ አያስቸግርም።

ጎረቤታችን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ዲንሾ ነው። ከርከሮዎቹ ግቢው ውስጥ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ሲግጡ የንግድ ፈቃድ የሚጠይቃቸው የለም። አንቀናም። ደጋ አጋዘን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ግን ምሳውንም ውሃውንም ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ሲመለስ፣ የሻይ ቤቷ ድርሻ አቧራው ነው።

ስለዚህ 15 ዓመት አንጠይቅም፤ ሦስት ይበቃናል። ቆርቆሮዋ ባለችበት ቦታ የይዞታ ወረቀት ይሰጠን፤ ግምቱም ሻዩን ጠጥቶ በሚያውቅ ሰው ይገመት። ይህ ከደንቡ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ሁላችንም አንድ ቀን በጠዋት ወደ ሮቤ ሄደን ማታ አዲስ ባለሀብት ሆነን ብንመለስ ተቀባይነት ይኖረን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ግልባጭ፦
ለሮቤ መናኸሪያ፣ የመመለሻ ወንበር እንዲያዝልን