«እንግሊዝኛ ነው እኮ!»

ኧረ እኛ መምህራን በምን ዕዳችን ነው! «ስለ ዓድዋ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ጽፋችሁ ኑ» ማለት እንኳ መዘዝ ሆነብን። ወረቀቱን ሰብስበን ማረም ስንጀምር ጦርነቱ «በ1896 ዓ.ም.» ተካሄደ ይለናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የት ገባ? ልጁ ሁለቱንም ዓመት አይቷል። አማርኛው 1888፣ እንግሊዝኛው 1896 ሲለው፣ ሁለት አቆጣጠር መኖሩ ትዝ ሳይለው ለእንግሊዝኛው ፈረደ፤ ድሉን 8 ዓመት አዘገየብን!

ምነው ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ነው እኮ!» ማን ጻፈው? መቼ? ከየት አምጥቶ? ብሎ ነገር የለም። ሐኪም ይጻፈው መድኃኒት ሻጭ፣ ምሁር ይጻፈው ኮምፒውተር፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ አለቀ። ይባስ ብሎ ስለ እንሰት፣ ስለ ገዳ፣ ስለ ቅኔ ሳይቀር አገሩን ረግጦ የማያውቅ ሰው የጫረውን ያምናል። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለው ተረት ለካ ኢንተርኔት ላይ አይሠራም!

ልጆቹ ላይ ብቻ እንዳንፈርድ ደግሞ የአማርኛውን ሰፈር ዞር ብሎ ማየት ነው። ስለ ስኳር በሽታ ፈልጉ፤ «ይህን ጠጥታችሁ ተገላገሉት» የሚል ቪዲዮ ይቀድማችኋል። የጸሐፊ ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ምንጭ የለ። አንዱ የለጠፈውን ሌላው ከነግድፈቱ ይገለብጠዋል። አማርኛውን አምኖ የሚመጣው ተማሪም «አምስት ቦታ አገኘሁት» ይላል፤ አምስቱም የአንድ ሰው ወሬ መሆኑን ማን ይንገረው?

የፊደሉ ጣጣም አለ። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገና «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አያገኙም። ፊደላችን ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ለዓመታት፣ በየራሳቸው ፎንት የተተየቡ ሰነዶች ፍለጋ አይደርስባቸውም። ፎቶ ተነሥተው ፒዲኤፍ የሆኑት መጻሕፍትም እንዲሁ። ቁም ነገሩ እዚያ ተቀብሮ እያለ ልጁ «በአማርኛ ምንም የለም» ብሎ ይደመድማል። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ይዞ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ካለው ከእንግሊዝኛው ጋር በምን አቅሙ ይወዳደር? በዚያ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ወደዚያ ቢያደላ ምን ይገርማል?

የሚያንገበግበው ግን ማድላቱ አይደለም፤ አለመጠየቁ ነው። እንግሊዝኛውን በጭፍን ያመነውም፣ አማርኛውን ስለተደጋገመ ያመነውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አልጠየቁም።

እናንተ በአማርኛ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ስማችሁንና ቀኑን አስቀምጡ፤ ከየት እንዳመጣችሁት ተናገሩ፤ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»ን ለዩልን። እናንተም ተማሪዎች፣ በሁለቱም ቋንቋ ፈልጉ፤ ሲለያዩባችሁ ለአንዱ ከመፍረዳችሁ በፊት ለምን እንደተለያዩ ጠይቁ። ቋንቋ የሰውን ማንነት እንጂ የወሬውን እውነትነት አይመሰክርም።