ፈረሰኛ በዚፕ

በጫማው የተጠራ ጀግና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፤ ሁሉም የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። «አባ ዚፕ» የሚባል ሰው በታሪካችን የለም። የፈረስ መጋለቢያ ጫማ ልንገዛላት ስንሰናዳ ይህን ለልጅ ልጄ ብነግራት «አባባ፣ ይነሱ እንጂ፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው» አለችኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ልጄ ዘንድ። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ሚድልበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ሰዉ ከዘመዱ ይልቅ ፈረሱን ይጠይቃል። አጠገቧ ባለችው አፐርቪል የፈረስ ትርኢት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው፤ የእኛ ካሳ ገና ቴዎድሮስ ተብሎ ሳይነግሥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፈረስ አያውቁም ብዬ አላማቸውም። ግን ቀበሮ ለማሳደድ ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ቋጥረው፣ ቦት ጫማቸውን አስወልውለው፣ በውሻ መንጋ ታጅበው ሲወጡ ሳቄ ያመልጠኛል። እኛ አገር በግ ነጣቂ በድንጋይ ነው የሚባረረው፤ ለእሱ ክብር ብሎ አንገቱን ያሰረ ሰው አላየሁም።

እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፤ ለአገራቸው ነፃነት የተዋደቁትን አርበኞችና ከእነሱ ጋር የወደቁትን ፈረሶች ሲዘክር ኖሯል። ጥር 23 ሲደርስ ያጌጠ ፈረስ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ሽርጡ፣ ስግሪያው፣ ጉግሱ አቧራ ያስነሳል። እዚያ መሃል ስለ ዚፕ ማን አንስቶ ያውቃል? የድሮው እርካብማ ለጫማ የሚሆን ቦታም አልነበረው። ቀለበቱ ጠባብ ስለሆነ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ነው፣ ያውም ባዶውን። በዚያች ጣት ተደግፎ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ነው አባት የሚጋልበው። «የባትህ ስፋት ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም።

እዚህ ግን ለጫማ የሚለካው ለሙሽራ ልብስ አይለካም። ሻጯ የልጅ ልጄን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ የመጋለቢያ ሱሪዋንና ካልሲዋን እንዳደረገች፣ ጉልበቷን አሳጥፋ ከወለሉ እስከ ቋንጃዋ ለካች። ቀጥላ የባቷን ወፍራም ቦታ። ከሰዓት በኋላ መምጣታችን ደግ ነው አለች፤ እግር ሲውል ያብጣልና የጠዋት ልክ ያታልላል። ከዚያ ቋንጃዋን የሚወጋ ረጅም ጫማ አመጣች። «ረዘመባት እኮ!» ብል፣ አዲስ ቆዳ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተጨማደደ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ ሆን ተብሎ ነው ረዝሞ የሚገዛው አለችኝ። እስኪወርድስ? እስኪወርድማ ቋንጃ ይላጣል፤ ለጊዜው ተረከዝ ሥር ከፍ የሚያደርግ ነገር ይገባበታል። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ዶላር ከፍሎ መላጥ! በልኬ ይሰፋልኝ ያለ ደግሞ ከሺህ በላይ ይጠየቃል። ዋጋውን ስሰማ ፈረሱንም የሚጨምሩበት መስሎኝ ወደ በሩ አየት አደረግሁ።

ጫማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት የሚታሰር ክር አለው፤ ለዝላይ ነው፤ እርካቡ አጥሮ እግር ሲታጠፍ ክሩ ፋታ ይሰጣል። ሌላው ልሙጥ ነው፤ ፈረስ ለሚያስጨፍሩት። እስከዚህ ይገባኛል። ያልገባኝ የኋላቸው ነው። ሁለቱንም አዙሬ ባይ ከተረከዝ እስከ ቋንጃ ተተርትረው ዚፕ ተሰፍቶባቸዋል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ላስቲክ። እንዲህ ያለ ደህና ቆዳ ምን በደለ?

ይህን ሳማርር ልጅቷ ስልኳን አወጣች። የዘንድሮ ልጅ ሽማግሌ ሲናገር ጆሮዋን ሳይሆን ስልኳን ነው የምትሰጠው። ለካ ዚፕ የተፈጠረው ለጫማ ኖሯል! ዊትኮምብ ጀድሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1893 ለጫማ መዝጊያ ብሎ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ በዚያው ዓመት ቺካጎ ላይ በተደረገው የዓለም ትርኢት አሳየው፤ ገዢ ግን ራቀው። ከዓድዋ በሦስት ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ያበጀው ጊዲዮን ሰንድባክ የተባለ ትውልደ ስዊድን መሐንዲስ ነው፤ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1917 አገኘ። በ1923 ደግሞ ጉድሪች የተባለው የጎማ ኩባንያ ከጫማ ላይ የሚጠለቅ የጎማ ቦት ላይ ሰፋው። «አየህ፣ ሱሪ ላይ ሳይወጣ ጫማ ላይ ነበር!» ብላ ፈነደቀች፤ ሲያሸንፉኝ «እርስዎ» ማለቱን ይረሱታል።

ደስ ይበለው። ቀድሞ መምጣቱ ጠባዩን አላሳመረውም። የጀድሰንን ዚፕ ሰዉ የሸሸው መከፈት በሌለበት ሰዓት እየተከፈተ ነው፤ ዛሬም ያው ነው። ደግሞስ ሱሪ ላይ የከዳ ዚፕ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ፈረስ ላይ የከዳው በምን ይሸፈናል? የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነው፣ እግር የሚታጠፈው እዚያ ነዋ። ላቡ፣ የፈረሱ ጸጉር፣ የሜዳው አሸዋ ጥርሶቹ መሃል ይገባል፤ ልጆቹ ደግሞ ቸኩለው እግራቸውን ሳይዘረጉ ይጎትቱታል። «በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው፣ ሻማ ቀቢው» ስል ምላሴ ደረቀ። በውድድር ቀን የአንዷ ጓደኛዋ ዚፕ ተበጥሶ፣ ባቷን በጥቁር ናስትሮ ጠምጥመውላት ስትጋልብ በዓይኔ አይቻለሁ። ናስትሮ! የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠገንበት!

ዚፕ የሌለው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ውስጡ ጆሮ አለው፤ ሁለት የብረት መንጠቆ ታስገባበትና፣ ፓውደር ነስነስ አድርገህ ወደ ላይ መጎተት ነው። ሶሉ ቢያልቅ ይቀየራል፣ ቆዳው ቢደርቅ ቅባት ይጠጣል፤ በደንብ ከተያዘ ከገዢው ዕድሜ ጋር ይፎካከራል። መግባቱ ይህን ያህል ነው። መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ላብ የጠጣ ቆዳ እግርን እንደ አራጣ አበዳሪ ይዞ አይለቅም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማውለቂያ ሳንቃ አለ፤ ተረከዝን አፉ ውስጥ ሸጉጦ እግርን መሳብ ነው። የእኛ ልጅ ግን ሳንቃ ምን ያደርግላታል? አባባ አላት። አሰልጣኟ ዚፕ የሌለው አሮጌ ጫማ ያዋሰቻት ሰሞን እኔ ተንበርክኬ ተረከዙን በሁለት እጄ እጎትታለሁ፤ እሷ በሌላኛው እግሯ ትከሻዬን ትገፋለች። ጫማው ሲወልቅ እሷ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ። ዚፕን የሚጠላው ክብሬ ነው፤ ወገቤ አስተያየቱን ገና አልተጠየቀም።

ከሁሉ ያናደደኝ ሻጯ ያለችው እውነት መሆኑ ነው። ዚፕ የሌለው ጫማ ተረከዝ እንዲያሳልፍ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሰፋ ማለት አለበት፤ ዚፕ ያለው ግን የፈለገውን ያህል ጠብቦ እግር ላይ ልክክ ይላል። ይህን ስትል ሳል እንደያዘው ሰው ፊቴን አዞርኩ።

በመጨረሻ ሻጯ ራሷ አዘነችልን። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ገና ትረዝማለች፤ ዛሬ የተገዛ ረጅም ጫማ በዓመቱ ጉልበቷ ሥር ሳይደርስ ይቀራል፤ ይልቅ አጭር ጫማና ለብቻው ባት የሚሸፍን ቆዳ ይብቃት አለች። ቆዳውን ስታወጣው ልቤ ዘለለ። ጋምባሌ! በጃንሆይ ዘመን መኮንኖች ባታቸው ላይ የሚያስሩት ጋምባሌ! «ስጭኝማ፣ ይህንንስ አውቀዋለሁ» ብዬ በኩራት ተቀብዬ ገለበጥኩት። ከላይ እስከ ታች ዚፕ አለው።

ገዛንላት፣ ምን እናድርግ። ረጅሙ ጫማ እግሯ ማደጉን ሲያቆም ይገዛል፤ ያን ጊዜ ዚፕ የሌለው ይሁን ባይ ነኝ፣ ጎታቹ ሌላ ሰው ከሆነ። እስከዚያው፣ አሌክሳንድሪያም ሆነ አርሊንግተን አካባቢ የጋምባሌ ዚፕ የሚቀይር ጫማ ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የግራው ከአሁኑ መንከስ ጀምሯል።