ኮቴን ያቃጠለው ካውያ

ግራጫ የሱፍ ኮት አለችኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅላለች። ቀኝ ኪሷ ላይ የካውያ አፍንጫ የመሰለ ቡናማ ጠባሳ ስላለባት ለቅሶ ቤት እንኳን አልለብሳትም። ለቅሶ ላይ ማን ልብስ ያያል የሚሏችሁን አትመኑ። ይታያል።

ጣጣው የተጀመረው ከእናቴ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቁርስ መብላቷን ትረሳለች፤ ጎረቤት ተውሳ ያልመለሰችላትን ወንፊት ግን አትረሳም። ወንፊቷ የሄደችው እኔ በማላስታውሰው ዘመን ነው። ይህ ነገር ሲያሳስበኝ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበብ ደግሞ ለኔ ጠንቅ ነው፤ ሁለት ገጽ ካገላበጥኩ ባለሙያ የሆንኩ ይመስለኛል።

ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ሽማግሌ የድሮውን ደጋግሞ ሲያወራ ብዙ ሐኪም «ጃጀ» ብሎ ነበር የሚያልፈው። በትለር ግን ሰው ወደ ማምሻው ሲቃረብ ዕድሜውን መልሶ ማገላበጡ የተፈጥሮ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አረጋውያንን ሰብስቦ፣ የጥንት ፎቶ፣ ሸክላና የቤት ዕቃ አቅርቦ ማስወራት በብዙ አገር ሙያ ሆነ። ጥናቶቹን አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች ጥቅሙ አነስተኛ ነው፣ እንደ ቦታውም ይለያያል ይላሉ። ይህንን ያነበብኩት ግን ኮቴ ከተቃጠለች በኋላ ነው።

ሰው ሲያረጅ አብዝቶ የሚያስታውሰው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያየውን ነው የሚልም አገኘሁ። ወረቀት አወጣሁና ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ለእናቴ እኩዮች ያ ዕድሜ ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ይውላል። ታዲያ በዚያ መሃል ምን ነበረ? ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶንን አሸነፈ። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። በቃ! ሁለት ፎቶ አሳድጌ አሳተምኩ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅም አዘጋጀሁ። ለማሟያ ደግሞ ለዓመታት በር ስትደግፍ የኖረችውን የአያቴን የከሰል ካውያ በፌስታል ያዝኩ።

የሰፈራችንን እድር ሰብሳቢ የእድሩን ቤት እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው።

«መዋጮ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«የሚታደል ነገርስ?»

«የለውም። ትዝታ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝና ቁልፉን ሰጡኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት ሰው መጣ። ግማሾቹ ዘንቢል ይዘዋል። አንዲት እናት ገና ሳይቀመጡ «ዘይት ነው ስኳር?» ብለው ጠየቁ። በተጠቀለለው ድንኳንና በእድሩ ድስቶች መሃል ተደረደሩ። ጥግ ላይ ቡና ተፈላ። እኔም ስልኬን ለመቅጃ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ ደብተሬን ገልጬ፣ እስክሪብቶዬን አዘጋጅቼ ጀመርኩ።

አሁን ሳስበው ያ አቀማመጥ ራሱ ምን እንደሚመስል እንዴት አልታየኝም? ሦስተኛዋ ጥያቄ «በወጣትነትዎ በምን ማኅበር ይሳተፉ ነበር?» የምትል ናት። ፊት ለፊት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡትን ሰው ጠየቅኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ይሄንን በ1970 ተጠይቄ መልሻለሁ። እዚያው ፈልገው።»

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። የቀይ ሽብሩን ጊዜ መጠይቄ ላይ አልጻፍኩትም ነበር፤ ለካ ደብተሩና እስክሪብቶው በቂ ናቸው። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ለማምለጥ አበበን አወጣሁ። «አበበ ሲያሸንፍ የት ነበሩ?»

«ዋዜማ ነበር አላልክም?» አሉ ባለ ዘይቷ እናት። «ወጥ ቤት ነዋ! የት ልሆን ኖሯል?»

ኳሱንም ሞከርኩ። የቀድሞው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጨዋታውን ባሕር ዛፍ ላይ ወጥተው እንዳዩ ነገሩን። ጎናቸው ያሉት «ያኔ አንተ ገና ጎጃም ነበርክ» ብለው አወረዷቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

የቀረኝ ካውያዋ ናት። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እንደ መዋዕለ ሕፃናት መምህር «ይህ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ አለ?» አልኩ።

«ካውያ ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው?» ባለ ዘይቷ ተነሡ። ክዳኗን ከፈት፣ ዘጋ አደረጉ። «ማነው እንዲህ አዝጎ ያስቀመጣት? በሉ አመድ አምጡ። ጧፍም ፈልጉ።»

ሆዷን በአመድ ፈተጉ፣ በጧፍ አሹ። ከቡናው ምድጃ ፍም ዘገኑና ሞሏት። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው በር ላይ ቆመው ካውያዋን እንደ ጽና ወዲህና ወዲያ ወዘወዟት፤ በጎንና ጎኗ ቀዳዳ ፍሙ ቦግ፣ ቦግ አለ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነካ ሲያደርጓት «ጭስ» አለች።

«ኮትህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ጋቢ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ፤ ውኃ ተጎንጭተው «እፍፍ» ብለው አርከፈከፉባት። ሁሉም ወንበሩን ስቦ ቀረበ። አንዷ «ሱፍ እኮ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት» አሉ። እሳቸው «እኔን ነው የምታስተምሪኝ? በአሥራ ስድስት ዓመቴ የሰው ቤት ተቀጥሬ በቀን አሥራ ሁለት ሸሚዝ የተኮስኩትን?» አሉና የቀጠሯቸውን እመቤት ጠባይ አንድ ባንድ ያወሩ ገቡ። ሌላዋም የራሳቸውን እመቤት አመጡ። እኔን የሚያየኝ አልነበረም።

ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«ወንድሜ ካውያ አይወድም ነበር» አሉ። «ፍም ይፈናጠራል ይላል። ሱሪውን ማታ ውኃ ረጨት አድርጎ ፍራሹ ሥር ያነጥፍና ይተኛበታል። ጠዋት ሲነሣ መስመሩ እንደ ምላጭ ነው። የወሰዱት ሌሊት ነው፣ በፒጃማው። ሱሪው ፍራሹ ሥር ቀረ። እናቴ ፍራሹን ለስንት ጊዜ አላስነሳችም። ስናነሳው መስመሩ እንዳለ ነው።»

ማንም አልተነፈሰም። ጥሩንባ ነፊው ከተጣሏቸው ሰው ጎን እንደተቀመጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው።

ሽታው የደረሰብን ዘግይቶ ነው። ባለ ዘይቷ እናት ካውያዋን እንደያዙ፣ ዓይናቸው ከሰውዬው ሳይነቀል፣ ቆመው ቀርተዋል። ካውያዋም ቆማለች፤ ኪሴ ላይ።

ቤት ስገባ እናቴ ኮቴን ገልብጣ አየች። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ኮቷን ባየች ቁጥር ትጠይቀኛለች፣ እኔም ከወንድምየው ሱሪ ጀምሬ እነግራታለሁ። ሁልጊዜም እስከ መጨረሻው በዝምታ ታዳምጥና አንድ ነገር ትላለች፦

«ወንፊት ለማትመልስ ሴት ኮት ይሰጧታል?»