«ሲያደርጉት ይሰፋል»

የዚህ ከተማ ጫማ ሻጮች አንድ የኔታ ያስጠናቸው ይመስል መልሳቸው አንድ ነው። ሻጩ ጣቴ ከጫማው ጫፍ ጋር ተላትሞ መታጠፉን እያየ «ፋዘር፣ ሲያደርጉት ይሰፋል» ይለኛል። ቆዳ ከሆነ እሺ፣ ይለጠጥ ይሆናል። ጎማና ማስቲሽ በምን ተአምር ነው የሚሰፋው? እኛም ጉደኞች ነን፤ ለዋጋው ግማሽ ሰዓት ተከራክረን ለእግራችን ሁለት ደቂቃ ሳንከራከር ይዘነው እንወጣለን።

ከዚያ እሁድ ይመጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ጫማው ዝም ይላል፤ የሚያስቸግረው ትንፋሽ ነው። ጉዱ የሚፈላው ቁልቁለቱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አውራ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ጥፍሩ ጠቁሮ ይገኛል። የእግር ጉዞው አስተባባሪ «አስር ደቂቃ ነው የቀረን» ካለ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ባለፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ሳሽ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከመች እናት በተሰነጠቀ ፕላስቲክ ጫማ እየወረደች «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ» ብላኝ አለፈች። ሱቅ ውስጥ ፋዘር፣ ተራራ ላይ ልጄ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእሷን እግር ማታ ማን እንደሚያሽላት እንጃ።

በዚህ መሃል አበበ ቢቂላን የሚጠራብህ አይጠፋም። «በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ሮም ላይ ያሸነፈው?» አዎ፣ በ1952 ዓ.ም.። ግን ጫማውን የተወው ስላልተመቸው ነው፤ «ይሰፋል» የሚለውን አልሰማማ! በ1957 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ መድገሙን ግን ማንም አያነሳልህም።

ከሁሉ የሚብሰው ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርደህ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስትረግጥ ተረከዝህን ሚስማር የወጋህ ይመስልሃል። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዳስረዳችኝ፣ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተወጠረ ጅማት መሳይ ነገር አለ፤ አንዴ ከተቆጣ ሌሊቱን ተኮማትሮ ያድርና ጠዋት ድንገት ሲለጠጥ ያስጮህሃል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዛ አለችኝ፣ እግር ሲውል ያብጣልና። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ፤ የውስጥ እግርህን ጎድጓዳ ደገፍ የሚያደርግ ሶል ይኑረው፤ መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ የሚጠቀለል ከሆነ አይሸከምህም። ቁልቁለት ስትጀምር ክሩን ወደ ቁርጭምጭሚትህ ጠበቅ አድርገህ እሰር። ማታ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀምጠህ በእግርህ አንከባለው። ጥሩ። መብራት ሲጠፋ ጠርሙሱ ይቀልጣል፣ መብራት ሲኖር ልጆቹ ይጠጡታል። ሱቅ ገብቼ ጫማውን አጠፍ ላደርግ ስሞክር ደግሞ «ፋዘር፣ ሊገዙ ነው ሊሰብሩ?»

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሱቅ ተመልሼ በአንድ ቁጥር የሚበልጠውን ጠየቅሁ። ጣቶቼ ተንፈስ አሉ፣ ተረከዜ ግን ወለቅ ወለቅ ይላል።

«ይሄኛው ሰፋ አለብኝ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ካልሲ ይደርቡበታ፣ ፋዘር።»