የእድር ድንኳን በጣና ዳር፦ ስለ ማርቆስ ሰው የቡድን ሽርሽር የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የደብረ ማርቆስ ሰው በቡድን ተሰባስቦ ጣና ዳር ወርዶ የሚያድርበት ልማድ ተገቢውን የምሁራን ትኩረት አላገኘም። ስለ ጣና ገዳማት፣ ስለ ዓሣው፣ ኋላም ስለ እንቦጩ ብዙ ተጽፏል። የማርቆስ ሰው 260 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ሽንኩርት ስለሚከትፍበት ምክንያት ግን የጻፈ የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። የጥናቱ ወሰን መንገዱ ያለ ስጋት ይኬድበት የነበረው ዘመን ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ናሙና ማግኘት አስቸግሯል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ ይኬዳል የሚለው ነው። ሽርሽር ያለ በግ አይታሰብም። በግ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይበላም፤ በ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት አይበላም፤ በፍልሰታ አይበላም። ክረምቱና አጨዳው ሲቀነስ የሽርሽሩ ኮሚቴ እጅ ላይ የሚቀረው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፤ ያኔ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ባሕር ዳር እጅግ የምትሞቅበትም ወቅት ይኸው ነው። ስለዚህ የማርቆስ ሰው ሙቀቱ ሲበረታ ጠብቆ፣ ጋቢውን ለብሶ ይወርዳል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለ ከተማ ተነሥቶ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ያልበዋል። እንዳላበውም ይናገራል። ጋቢውን ግን አያወልቅም። ለምን ሲባል «ማታ ይበርዳል» ይላል። ማታም አይበርድም።

የመኪናው አቀማመጥ ታሪካዊ መሠረት ያለው ይመስላል። የጎጃሙ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ በነበረው የጦር ሥርዓት ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሄድ ነበር። ሥርዓቱ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ሳይፈርስ ደርሶናል። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጡት አዛውንት ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ የማውራት ግዴታ አለባቸው፤ ከደንበጫ በኋላ ራሳቸው ያንቀላፋሉ። ወጥ ቤቶች ከነድስታቸው መካከሉን ይይዛሉ። ኋላ ከበሮና ወጣት ይጫናል። በጉ ፖርቶመጋላ ላይ ነው፤ የመንገዱን ውበት ከልቡ የሚያይ ተጓዥ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተብሎ ይነገራል፤ 11 ሰዓት የመጣ ሰው ግን አገሩን እንደማያውቅ ይቆጠራል።

በፍኖተ ሰላም ቁርስ፣ በቡሬ በርበሬ፣ በእንጅባራ ድንች። እንጅባራ ከመድረሱ በፊት ዘንገና የሚባል ድንቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። ለእሱ የሚሰጠው ጊዜ ወንዶቹ ወርደው ሽንታቸውን ሸንተው እስኪመለሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሌላው ዓለም ካምፒንግ ለሚሉት ነገር ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ተጣጥፋ ብብት ሥር የምትገባ ድንኳን አለች። ማርቆስ ያለው የእድር ድንኳን ነው። የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ካስማው ለብቻው ጭነት ነው፤ አግዳሚ ወንበርም ይከተለዋል። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን የሚፈቅዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ሰው ከሞተ ካለበት ተነቅሎ ይምጣ። ስለዚህ ቀኑ የሚቆረጠው የሰፈሩ በሽተኞች እንዴት እንዳደሩ ተጠይቆ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የበዛባቸው አንድ የታመሙ ሽማግሌ «ሂዱ ልጆቼ፣ እስከ ሰኞ እቆያለሁ» ብለው አሰናብተዋል።

ድንኳኑ ሐይቁ ዳር ሲተከል የሚሆነው ይታወቃል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ የሚፈላ ቡና። ጥቂት ቆይቶ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ።

«እግዜር ያጥናችሁ።»

«እማማ፣ እኛ ሽርሽር ነን።»

«ይሁን፣ እሱ ያጥናችሁ» ብለው ይቀመጣሉ።

የመጣ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይመለስምና ይቀዳላቸዋል። ጎረቤታቸው አይተው ይከተላሉ። በዚህ ጥናት በተመዘገበ አንድ አጋጣሚ ከተጓዦቹ አንዷ የራሷን ሐዘን አስታውሳ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ማስረዳት አልተቻለም። በጉ ለለቀስተኛ ተበላ።

ከውኃው ጋር ያለው ግንኙነት አጭር ነው። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ግድም ነው፤ የማርቆስ ሰው እስካሁን ያጠናው እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ነው። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ የሚል ጎረምሳ ከኋላው «ጉማሬ አለ!» ይባላል። ጉማሬ እርግጥ አለ። በጀልባ ዘጌ የሚሻገሩት ብርቱካናማ ጃኬት ጋቢያቸው ላይ ደርበው ፎቶ ይነሣሉ፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ተሳልመው፣ የዘጌን ቡና ገዝተው ይመለሳሉ። ዓሣውን «አጥንት አለው» ብለው የሚያልፉት ሰዎች የበግ ጎድን ሲግጡ ታይተዋል። ይህን ቅራኔ የሚፈታ መላምት አልተገኘም።

ሲመለሱ መኪናው ባዶ አይሆንም። በጉ በወረደበት ፖርቶመጋላ ላይ የአዊ ከሰል በጆንያ ይወጣል። ገንዘብ ያዧ ለደርሶ መልስ ነዳጅ እኩል የምትመድበው ይህን ስለምታውቅ ነው።

በአጥኚው ግምት የማርቆስ ሰው ጣና ዳር የሚሄደው ማርቆስን እዚያ ወስዶ ለመትከል ነው፤ ሐይቁም እስካሁን አልተቃወመም። ባለፈው ጉዞ ግን ድንኳኑ አንድ ካስማ ጎድሎት ተመልሷል። ካስማው በእጁ ያለ አንባቢ፣ ሰው ሳይሞት ለእድሩ ዳኛ እንዲያስረክብ በትሕትና እንጠይቃለን።