ያልተለካ ግፊት አይጨምርም

ስለ ደም ግፊት ከመምህር በላይ የሚያውቅ ቢኖር ሐኪም ብቻ ነው። የባዮሎጂው መምህር ልብን በባለ ቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሏት የምትመታ ነው የምትመስለው። «ደም ግፊት ድምፅ የሌለው ገዳይ ነው፤ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል» ብለው ያጽፋሉ፣ ለፈተናም ያወጡታል፤ የሳተ ተማሪ ማርኩን ያጣል። ደወል ተደውሎ የመምህራን ክበብ ሲገቡ ግን «እኔን እኮ ራሴንም አያመኝ፣ ምን ብዬ እለካለሁ?» ይላሉ። ለራሳቸው ቢያርሙት ዜሮ ነበር።

ክበባችን ውስጥ ሽሮው ሳይቀመስ የጨው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። ምን ያድርግ፣ የክበባችንን ሽሮ ቀምሶት አያውቅ! በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራም ተጨምሮበታል። ከላይ የምትነሰነሰዋ እንግዲህ «ለጣዕም ያህል» ናት፤ የሒሳብ መምህሩ እንኳ ከድምሩ ውስጥ አያስገቧትም።

የስፖርት መምህሩንማ ሳላመሰግን አላልፍም። ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥተው ልጆቹን ሜዳውን ያስዞሯቸዋል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ የእሳቸውን ድርሻ ተማሪዎቹ በውክልና ይሮጡላቸዋል።

መድኃኒት የታዘዘላቸውም አሉ። አምሎዲፒኑን አንድ ወር ዋጡ፣ ግፊቱ ወረደ፣ «ተሽሎኛል» ብለው ተዉት። ያወረደው ክኒኑ መሆኑ አልጠፋቸውም፤ ብቻ ሰው ሁሉ ነጭ ሽንኩርትና የሽፈራው ሻይ ይሻላል አላቸው። አንድ ወር አጥንቶ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ደብተሩን የጣለ ተማሪ ቢገጥማቸው ወላጅ ያስጠሩበት ነበር።

በቅርቡ አንድ ዓርብ ከሰዓት አንዲት ነርስ መለኪያዋን ይዛ መጣች። መምህራኑ በትሕትና «ቅድሚያ ለጥበቃዎቹ» አሉ። በመጨረሻ ምክትል ርእሰ መምህሩ ክንዳቸውን ሰጡ፤ 164 በ102። «ደረጃ ወጥቼ ስለመጣሁ ነው» አሉ። ነርሷ አምስት ደቂቃ አስቀምጣ ደገመችላቸው፤ ያው ነው። «ቡናም ጠጥቻለሁ።» ቀጥሎ ጥፋተኛው መሣሪያው ሆነ። ውጤቴ ድጋሚ ይታይልኝ ያለን ተማሪ ከቢሮ የሚያባርሩት ሰው ሦስተኛ እርማት ጠየቁ። ሦስተኛውም ከ140 በ90 በታች አልወረደም።

ተረኛው የታሪክ መምህር ነበሩ። እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ሳለ ክፍል እንዳላቸው ትዝ አላቸውና ሮጠው ወጡ። ዓርብ ከሰዓት ክፍል የላቸውም።